«በጾም ይለኩ»

ከቦንጋ በወጣሁበት ቀን ዋዜማ፣ ገና ራት ሳይቀርብ፣ ሻንጣዬን ትቼ የእትዬ አስካለን ስልክ ይዤ ተቀመጥኩ። እትዬ አስካለ ታላቅ እህቴ ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ስኳር እንዳለባት ሐኪም ከነገራት ወዲህ ጣቷን ወግቼ የምለካላት፣ ሻይዋ ላይ ማር ስትጨምር የምቆጣት እኔ ነበርኩ። አሁን ልሄድ ነው። ስለዚህ የስኳር መከታተያ አፕ ጫንኩላት፤ በአማርኛ ነው፣ እንድትለካ ያስታውሳታል፣ የምታስገባውን ቁጥር ለእኔም ይልካል።

«እና ይሄ ስልክ አንተን ተክቶ ሊጨቀጭቀኝ ነው?»

«ከእኔ ይሻላል፤ አይቆጣም።»

«ካልተቆጣ ማን ይሰማዋል ታዲያ?»

ሲነጋ በጅማ መንገድ ወጣሁ። ጋዜጠኛ ነበርኩ፤ ለምን እንደወጣሁ ከዚህ በላይ አልልም።

ያረፍኩት ጀርመን፣ ላይፕዚግ ነው። እዚህ ደግሞ የጤና መድን ቢሮው ለእኔም አፕ ሰጠኝ። የቢሮው ሴትዮ «የእንቅስቃሴ ልማድ አለዎት?» አለችኝ። ከቦንጋ ወጣ ብለው ወዳሉት ሺሺንዳና ዋጫ ለዘገባ ስወጣ መኪና ከታጣ በእግሬ እሄድ እንደነበር ነገርኳት። «ስፖርት ነው ወይስ ሥራ?» ብላ ጠየቀች፤ ኮምፒውተሯ ሁለቱን ባንድ ላይ አይቀበልም።

አፑ የበላሁትን ሲጠይቀኝ፣ ናፍቆት አሸንፎኝ ቆጮ ብዬ ጻፍኩ። «ኮኽን፣ ማብሰል ማለትህ ነው?» አለኝ በጀርመንኛ። ዳቧቸው ጥቁርና ኮምጣጣ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ሳኝከው ወደ ቆጮ የሚጠጋበት ጊዜ አለ። ማራቸው ግን መጣፈጥ ብቻ ነው፤ የእኛው የጫካውን አበባ ይሸታል።

ቁጭ ብዬ ስቆይ ደግሞ «ተነስና ተራመድ» ይለኛል። አንድ ምሽት ክፍሌ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል፣ ከታች የሚኖሩት አከራዬ መጥተው በሬን ደበደቡ።

«ሩኸ! ጸጥታ!»

«ስልኩ ነው ተራመድ ያለኝ።»

«ቤቱን የተከራየኸው ከእኔ ነው ከስልኩ?»

ከዚያ ወዲህ ስልኬ ሲያዘኝ በካልሲ ባለሁበት ቆሜ እወዛወዛለሁ።

የሚያጽናናኝ የእትዬ አስካለ ቁጥር ነበር። ዐቢይ ጾምን ሙሉ ሳይቋረጥ ገባ፤ ሁሉም አረንጓዴ፤ አፑም «ጎበዝ!» ይላታል። ከፋሲካ በኋላ ግን ጸጥ አለ። መጀመሪያ ኔትወርክ ነው ብዬ ተውኩት። ሲቆይብኝ ወደኋላ ሄጄ አየሁት፤ ከዐቢይ ጾም በፊት የለካችው ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። ደወልኩ።

«እትዬ፣ ለምንድን ነው የማትለኪው?»

«በበዓለ ሃምሳ?» አለች፣ ነውር እንደ ተናገርኩ ሁሉ።

«ምን አገናኘው?»

«ስልክህ ነዋ ያለኝ! ‹በጾም ይለኩ› ይላል። አሁን ጾም የታለ? ረቡዕም ዓርብም እየበላን ነው። ጀርመን ገብተህ እሱንም ረሳኸው?»

ሳቅኩ፤ እሷም ሳቀች። ጠዋት፣ ምንም ሳትበላ ማለቱ እንደሆነ አስረዳኋት።

«ታዲያ እህል ሳይቀምሱ አይልም?» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ለካች። ቁጥሩ ቀይ ሆኖ መጣ፤ ከሥሩ «ሐኪም ያማክሩ» ይላል። ወዲያው ደወልኩ።

«ተሳስቶ ነው» አለች፤ «በጾሙ ደህና ነበርኩ እኮ።»

«በጾሙማ ከቅዳሴ መልስ ነበር የምትለኪው፤ እስከዚያ ባዶ ሆድሽን ውለሽ። ሌላ የሚሰማሽ ነገር አለ?»

«ምንም። እግሬን ጫማ ልጦኝ ቆስያለሁ፤ እሱም አያመኝም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ። አልሽር አለ እንጂ አያምም አልኩህ እኮ። ካላመመኝ ደህና ነኝ ማለት አይደለም?»

ስለ ስኳር በሽታ ስዘግብ ብዙ ሐኪሞች አነጋግሬያለሁ። ከሚያመው ይልቅ የሚፈሩት የማያመውን ቁስል ነው። እግር ሊያስቆርጥ እንደሚችል ሳልሸፋፍን ነገርኳት።

«እሺ፣ ሆስፒታል እሄዳለሁ። ይሄ ዝናብ ያባራና።»

ቆርቆሮው ሲመታ በስልኩ ይሰማኛል። ቦንጋ ነው፤ ወሩም ግንቦት ነው፤ ዝናቡ ገና ወራት ይቀረዋል።

«እትዬ፣ አያባራም! ጃንጥላ ያዢና አሁኑኑ ሂጂ!»

«ምን አልክ?» አለች። «አይሰማም፤ ዝናቡ ነው።»