ከካፕሱሉ ዱቄት ስር

ፖሊሶች የያዙኝ ለነርሶች ስለ ቁስል እያስተማርኩ ነው። ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» አሉኝ። ስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነገር ነበር። እስክፈታ ድረስ ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም።

ያሰሩኝ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። በሩ ላይ የተቀበለኝ ግን ሙቀቱ ሳይሆን ሽታ ነበር፤ ሃያ ዓመት ከቁስል ጋር ኖሬ ያን ሽታ አልስተውም። ከጥግ ከተቀመጡ ሽማግሌ እግር ነው የሚመጣው። የመልካ ጀብዱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ስኳር አለባቸው። እኛ ጋ አጎትን «አዴሮ» እንላለን፤ እኔም እንዲያ አልኳቸው።

«እየደረቀ ነው ብላኛለች ነርሷ አቦ፣ አታስብ» አሉኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ነርሷ መጣች። አወቅኋት። እኔ ስልጠና ላይ ፊት ወንበር ተቀምጣ ስትጽፍ የከረመች ናት! እሷም አውቃኛለች፤ ፖሊሱ በሩ ላይ ስለቆመ እንዳላየች ሆነች። ፋሻውን ገለጥ አድርጋ፣ ሁለት ካፕሱል ከፍታ ዱቄቱን ነሰነሰችበት። መልሳ ጠቀለለችና የሕክምና ካርዳቸው ላይ «ደረቅ፣ ንጹሕ» ብላ ጻፈች።

ወይ ጉድ! ካፕሱል ይዋጣል እንጂ ቁስል ላይ አይበተንም፣ ከላይ ቅርፊት ይሠራና መግሉ ከስር ይበላል እያልኩ ስንት ቀን ጉሮሮዬ ደርቋል?

«ሲስተር፣ ከስሩን አላየሽውም» አልኳት።

«አንተ እስረኛ ነህ፤ ዝም በል።»

ባለፈው ወር «እርስዎ» ስትለኝ ነበር። ደሜ ፈላ።

«ዝም እላለሁ። አጥንት ከደረሰ ግን እግራቸው ይቆረጣል። ሆስፒታል የሚያስልካቸው ያ ካርድ ብቻ ነው።»

«በቃ!» አለ ፖሊሱ።

እሷ ካርዱን አየችው። «እጅ መታጠቢያ በሌለበት እንዴት ልክፈተው?» አለች ቀስ ብላ።

አዴሮ ጆጋቸውን አነሱ። እስከ ማታ የሚጠጧት ውሃ እሷው ነበረች። «ነይ ልጄ፣ ታጠቢ» አሉና ቤታቸው እንደመጣ እንግዳ እጇ ላይ አፈሰሱላት።

ተንበረከከች። በተረፈችው ውሃ ፋሻውን አርሳ ቀስ እያለች ላጠችው። ፖሊሱ አፍንጫውን ይዞ ወጣ። ነጩ ቅርፊት ሲነሳ ከስሩ ጉድጓድ ነው። ከሳጥኗ ንጹሕ የጥጥ እንጨት አውጥታ ብታስገባው ገባ፣ ገባ።

«ስንት ሴንቲ ሜትር?» አልኳት፣ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው።

«ሦስት፣ መምህር» አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ደረቅ» የሚለውን ሰርዛ «ዛሬውኑ ሆስፒታል ይላኩ» ብላ ጻፈች።

ከተፈታሁ በኋላ ወደ ማስተማሬ ተመለስኩ። ካፕሱል ዛሬም ይበተናል፤ ያንገበግበኛል። ባለፈው ሳምንት ለአዲሶቹ ሠልጣኞች እግራቸውን እንዲያሳዩ እሳቸውም የተፈቱትን አዴሮን ጋበዝኳቸው። ሁለት ጣት ጎድሎባቸዋል፤ ግን ቆመው ይሄዳሉ። ካልሲያቸውን ሲያወልቁ ነርሶቹ ከሩቅ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ኧረ ቅረቡ አቦ፣ አይናከስም!» አሉ።

ያቺ የእስር ቤቱ ነርስ ከኋላ ተነሥታ መጣች። አዴሮ አይተዋት ሳቁና እንደዚያን ቀን ሊያስታጥቧት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጆግ አነሱ። እሷ ግን ጆጉን ከእጃቸው ተቀበለች። ተንበርክካ፣ በእያንዳንዱ ጣት መሐል እያየች እግራቸውን አጠበች።

ሠልጣኞቹ ዞረው እኔን ያያሉ።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ?» አልኳቸው። «እግሩን እዩ!»