አራት ይበቃኛል ያለችው ልብስ ቆራጭ

የደንብ ልብስ መስፊያው ቤት ባልደረቦቿ «መቀሷ» ይሏታል። ጨርቅ ቆራጭ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ አፏም ከእጇ አያንስም። አርባ ድርብ ጨርቅ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ታነጥፋለች፤ የካርቶን ልኩን አስቀምጣ ዙሪያውን በጠመኔ ታሰምራለች፤ ከዚያ የኤሌክትሪክ መቁረጫውን ትነዳለች። እሷ ካልቆረጠች አሥራ አንድ ሰፊ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ታዲያ አንድ ሰኞ ይህቺው ሴት የተማሪ ሱሪ ስትቆርጥ ካርቶኑን መገልበጥ ረሳች። የግራ እግሩ ከተቆረጠ በኋላ ልኩ ተገልብጦ ነው ቀኙ የሚቆረጠው፤ ጀማሪ እንኳ ይህን ያውቃል። ሰማንያ እግር ቆርጣ ሰማንያውም ግራ ሆኖ ተገኘ። ሰፊዎቹ «ይሄን የሚለብስ ተማሪ ከየት እናምጣ?» እያሉ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሷ ግን ሳቁ አልመጣላትም፤ ምክንያቱን ታውቀዋለች።

በየሦስት ወሩ የምትወጋውን የወሊድ መከላከያ መርፌ ከጀመረች ወዲህ ጭንቅላቷን ለሁለት የሚፈልጥ ሕመም ይነሳባታል፤ ዓይኗም ብዥ ይልባታል። ከዚያ በፊት ኪኒኑን ሞክራ ነበር፤ እሱም ያው ነው። ሁለቱንም ተወች ማለት ደግሞ አምስተኛ ልጅ መጣ ማለት ነው። ሦስት ሴትና አንድ ወንድ ወልዳለች፤ አራቱም የዓይኗ ብሌን ናቸው። በቃ፣ አራት ይበቃታል።

ችግሩ በቃ ያለችው እሷ ብቻ መሆኗ ነው። አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ እራት በቀረበ ቁጥር «ልጁ ወንድም ከሌለው ብቻውን አይደል?» ይላሉ። ሦስቱ እህቶቹ እዚያው ማዕድ ላይ ናቸው፤ እነሱ ከምን እንደተቆጠሩ እግዜር ይወቅ! ባሏ ቀለም ቀቢ ነው። ክፋት የለበትም፤ እናቱ ፊት ግን ምላሱ ይታሰራል። ወንድ ራሱ በአጭር ሕክምና መውለድ ማቆም እንደሚችል አንድ እሁድ ብትነግረው፣ ጠብ የማይለውን ጣሪያ ልጠግን ብሎ መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ።

ማክሰኞ ጠዋት ማንንም ሳታማክር ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ስለ ራስ ምታቷ ጠየቀቻት፣ መረመረቻት፤ ከዚያም መዳብ የተጠመጠመባት ትንሽ ነገር መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየቻት።

«ሉፕ ትባላለች። ሆርሞን የላትም። ማህፀን ውስጥ ትቀመጣለች፤ አሥር ዓመት ያህል ትሠራለች፤ ትውጣልኝ ካልሽም ትወጣለች። የመጀመሪያዎቹ ወራት ግን የወር አበባሽ ሊበዛ ይችላል፤ ቁርጠትም ይኖራል። አልደብቅሽም።»

«ቁርጠቱን እችለዋለሁ። ጭንቅላቴን መልሺልኝ።»

ነርሷ ካርዱን እየሞላች «ባለቤትሽ አብሮሽ ቢመጣ ጥሩ ነበር» አለች።

«ለራስ ምታቱ ባልሽን ይዘሽ ነይ ያለኝ የለም፣ እህቴ!»

ነርሷ ሳቋ አመለጣትና ጓንቷን አጠለቀች።

ቤት ስትገባ ሆዷን ይቆርጣታል። መደበቅ ትችል ነበር፤ የሚደብቁ ሞልተዋል። እሷ ግን በገዛ ገላዋ ሌባ መሆን አስጠላት። ባሏና አማቷ ሳሎን ተቀምጠዋል፤ በሩ ላይ እንደቆመች ተናገረች።

«ሉፕ አስገብቼ መጣሁ። ከእንግዲህ አልወልድም።»

ባሏ መሬት መሬቱን አየ። አማቷ ብድግ አሉ።

«ማንን ጠይቀሽ? ባልሽን ጠይቀሻል? ለእኔስ ትንፍሽ ብለሻል?»

«ማንንም አልጠየቅኩም።»

«እኔ ስምንት ስወልድ አንድ ቀን በቃኝ ብዬ አላውቅም! ደሞስ ማን ጠይቆኝ!»



«እኔንም የጠየቀኝ የለም፣ እማማ» አለች መቀሷ፤ ሆዷን እንደያዘች፣ ዓይኗን ሳትሰብር። «አራቴም ማንም አልጠየቀኝ። ዛሬ እኔም ሳልጠይቅ ሄድኩ።»

አሮጊቷ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች፤ አልተቆጡም።

«ስድስተኛው ላይ ልሞት ነበር» አሉ። «ከዚያ በኋላም ሁለት ወለድኩ።»

ስምንተኛው ልጃቸው፣ ባሏ፣ ቀና ብሎ እናቱን አያቸው።