መጋረጃ ሰፊዋና የምራቷ ቋንቋ

መጋረጃ ሰፊዋ ድምፅ አልነበራትም ማለት ይቻላል። ደንበኞቿ የምትለውን ለመስማት ስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ማለት ነበረባቸው፤ ሰፈሩም በዚሁ የተነሳ «ሹክሹክታ» የሚል ስም አውጥቶላታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ግን ለሁለት የሚበቃ አፍ ነበራት። ሐኪም ዘንድ ሄደው እንኳ ታናሽየዋን የቱ ጋ እንደሚያማት የምትናገረው ታላቅየዋ ነበረች። «ተዉአት፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ትላለች፣ እንደ ማሞገስ አድርጋ።

የመጋረጃ ሰፊዋ አንድ ልጅ ባሕር ማዶ ሥራ ያዘና የዚያኑ አገር ልጅ አገባ። ምራቷን መጀመሪያ ያየቻት በስልክ ነው። ልጁ ሁለቱን ፊት ለፊት አገናኝቶ፣ ቡና ሊያፈላ ወደ ጓዳ ገባ። አማትና ምራት የጋራ ቋንቋ ስላልነበራቸው ፈገግ አሉ። ቆይተው ደግመው ፈገግ አሉ። በመጨረሻ ታላቅየዋ ስልኩን ተቀበለችና ስለ ቤቱም ስለ ጉልበቷ ሕመምም በእጇ ምልክት አስረዳች።

ስልኩ ሲዘጋ መጋረጃ ሰፊዋ የዛለ ጉንጯን እያሸች ቀረች። የገዛ ምራቴን በሰው አፍ ልወቃት እንዴ፣ አለች በልቧ።

ከሱቋ አጠገብ ያለው ፀጉር ቤት ከጠዋት ጀምሮ የምራቷን አገር ተከታታይ ድራማ ያሳያል፤ ከሥር ትርጉሙ ይጻፋል። መጋረጃ ሰፊዋ ፀጉር ሠሪዋን፣ «በሩን ክፍት አድርጊልኝ፣ ድምፁንም ጨመር» አለቻት።

«ምን አሉኝ እትዬ? አልሰማሁም።»

ደግማ መናገር ነበረባት።

ምሳ ሰዓት ላይ ፀጉር ቤት ተቀምጣ ትርጉሙን ታነባለች። ከሰዓት በኋላ ያው ክፍል ሲደገም፣ ከሱቋ ሆና እየሰፋች የሰማችውን ትደግማለች። መኪናው ይጮህ ስለነበር ራሷን ለመስማት ድምጿን ከፍ ማድረግ ግድ ሆነባት። አንድ ቀን ጠርዝ እየዘመዘመች በዚያው ቋንቋ «ከሃዲ!» ብላ ስትጮህ፣ መጋረጃቸውን ሊወስዱ የመጡ ሽማግሌ ከደጃፍ ተመለሱ።

የሰፈሩ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ደግሞ የድራማውን ታሪክ የያዘ ስስ መጽሐፍና አንድ መዝገበ ቃላት ፈልጎ አገኘላት። «ሽፋኑን አይጥ ቀምሳዋለች፣ ውስጡ ግን ደህና ነው» አላት። ፊደሉን እዚያው አገር ሠርታ የተመለሰችው ፀጉር ሠሪ አስቆጠረቻት።

«በስተርጅና ፊደል?» አለች ታላቅየዋ። «ልጅሽ አለ አይደል፣ ያስተርጉምልሽ እንጂ።»

ታናሽየዋ ገጹን ገለጠች። አንዳንድ ገጽ ላይ ሳምንት ሙሉ ትቆማለች። ተስፋ ቆርጣ መጽሐፉን ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሥር የቀበረችበትም ጊዜ አለ፤ ግን ባለታሪኳ ምን እንደደረሰባት ሳታውቅ መተኛት አልቻለችምና መልሳ አወጣችው።

ልጇ ዳግመኛ ሲደውል ስልኩን ራሷ ያዘች። ምራቷ ብቅ ስትል ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ ቆንጆ ሰላምታ ነው ብላ ያጠናችውን ተናገረች፦ «በመጨረሻ ተገናኘን!»

ምራቷ ክው አለች። ልጁ ከኋላ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እማዬ፣ ይህን የምትለው እኮ መርዝ የምታጠጣዋ ሴትዮ ናት።»

መጋረጃ ሰፊዋ አንገቷን ደፋች። ምራቷ ግን ድራማውን ታውቀው ኖሮ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ የዋናዋን ባለታሪክ መልስ መለሰችላት፦ «ብትገድይኝም አልለቀውም!» ከዚያ ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ያወራሉ። ምራቷ የልጆች ተረት መጽሐፍ ላከችላት፤ በስልክ አንዷ ታነባለች፣ ሌላዋ ታርማለች። እያደር መጋረጃ ሰፊዋ ድራማው ያላስተማራትን «ጨው አቀብዪኝ» እና «ዝናቡ አባራ?» የሚሉትን ለመደች።

በዓመቱ ባልና ሚስቱ መጡ። አንድ ጠዋት መጋረጃ ሰፊዋ ምራቷን ልብስ ማስጫው ጋ ቆማ ስታለቅስ አገኘቻት።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት በቋንቋዋ።

ምራቷ ፈጥና ፈጥና ተናገረች። ግማሹ አልገባትም፤ ግን አላቋረጠቻትም። ማርገዟን ሰማች፤ ድራማው ውስጥ የማታረግዝ ሴት ስላልነበረች ቃሉን በደንብ ታውቀዋለች። እናቷ በሕይወት እንደሌለችና እንደፈራችም ሰማች።

አጠገቧ ተቀመጠች። ለእህቷ እንኳ በገዛ ቋንቋዋ ነግራት የማታውቀውን፣ በተሰባበረ የሰው አገር ቋንቋ ነገረቻት፦ «እኔም ፈራሁ። በጣም። ልጅ መጣ። ፍርሃት ሄደ። ትንሽ ቀረ።»

ታላቅየዋ ብቅ አለች። «ምን አለች? ምን ሆነች?»

«ቆዪ እታለም፣ ገና አልጨረስንም።»

ታላቅየዋ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ሲጨርሱ ታናሽየዋ ተረጎመችላት፤ ሁለቱ እህትማማቾች ምራታቸውን መሐል አድርገው ቁርስ አበሏት።

ያን ጊዜ የተረገዘችው ልጅ አሁን አራት ዓመቷ ነው። አያቷ በስልክ በእናቷ ቋንቋ ተረት ስታነብላት ልጅቱ አነጋገሯን ታርማታለች። አያቷም እሺ ብላ ትደግመዋለች።