የተሾመው ጓደኛዬ

ያን ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት የተሰጣት የቤት ሥራ ስለ አንድ የባሕር ዘራፊ ነበር። የእንግሊዝ ንጉሥ ፈቃድ ጽፎለት ካሪቢያን ላይ የስፔንን መርከብ ሲዘርፍ ኖሮ፣ ኋላ እዚያው ደሴት ላይ አገረ ገዢ ተብሎ የተሾመ። መጽሐፉን እንድትዋስ ሐሙስ ላይብረሪ ላደርሳት ቃል ገባሁላት።

ያኔ የምንኖረው አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ዩለስ የምትባል ከተማ ነበር፤ ኤርፖርት ታክሲ እነዳለሁ። በደንቡ፣ ተሳፋሪ ያወረደ ሾፌር ማቆሚያው ተመልሶ ከወረፋው መጨረሻ ይሰለፋል፤ ሦስት አራት ሰዓት ይጠብቃል። እኔና አንድ ጓደኛዬ ግን ተጓዥ በሚሸኝበት ላይኛው በር አውርደን፣ እንግዳ ወደሚወጣበት ታችኛው በር በመዞር የሰው ተራ እየቀማን እንጭን ነበር። ዘዴውን ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ አልዋሽም።

ሾፌሩ ሁሉ ሲያማርር፣ የኤርፖርቱ አለቆች ቀዳዳውን የሚያውቅ ይጠብቀው ብለው ጓደኛዬን ተራ አስከባሪ አደረጉት። ቢጫ ሰደርያና ሬዲዮ ሰጡት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ የኔው ሹም ግን በልቶ ጠግቦ ነው የተሾመው።

ሐሙስ ለት ወረፋ ከያዝኩ ላይብረሪው ሊዘጋብን ነው። አንድ ሰው ጭኜ በዚያው ቤት ልግባ ብዬ ታች ዞርኩ። እሱ ቆሟል። አይቶ እንዳላየ ያልፈኛል ብዬ መብራት አበራሁለት። ታርጋዬን ጻፈ።

«ደንብ ደንብ ነው፣ ወንድሜ» አለኝ።

አንድ ወር ታገድኩ። ከእገዳው ይልቅ ያቃጠለኝ «ወንድሜ» ማለቱ ነው።

ጊዜ ተረፈኝና ልጄን ላይብረሪ የማመላልሳት በየቀኑ ሆነ። በሳምንቱ ግን የቤት ኪራይ ቀን ሲደርስ አንጀቴን አስሬ ጓደኛዬ ዘንድ ሄድኩ። ጥላ ሥር ምሳውን ይበላል፤ ብድግ እንኳ አላለም። እገዳውን እንዲቀንስልኝ ለመንኩት። «አንተ ባትኖር እዚህ ሰው በተራው አይሠራም ነበር» ስለው በራሴ አፈርኩ። ሁለት ሳምንት ቀነሰልኝ።

የዚያን ቀን ማታ ልጄ የጻፈችውን አነበበችልኝ። ዘራፊው እንደተሾመ የድሮ ባልንጀሮቹን እያሳደደ ሰቀላቸው።

«ሶ፣ አባዬ፣ እሱን ለምን አሬስት አላደረጉትም?»

ባሕሩን ስለሚያውቀው ይፈልጉታል አልኳት። እርሳሷን አፏ ላይ አድርጋ ትንሽ አሰበች።

«ያልተሰቀሉት ፍሬንዶቹስ? ምን አሉት?»

«አመሰገኑት» አልኳት።