ተራ አስከባሪው እና ቀዩ ዓሣ

ሥራ በገባሁበት ቀን መጀመሪያ የተቀበልኩት ልጅ ሳይሆን የቀበሌ ሰው ነበር። ከሻሸመኔ ብዙም በማትርቀው ከተማችን ፒያሳ፣ ከጫማ ቤቱ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍላችን በር ላይ አለቃዬ አቶ ታምራት «የሕፃናት የአስፈጻሚነት ክህሎት ሥልጠና በኦንላይን» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ሰውየው ደረጃውን እያለከለከ ወጣና፣ አስፈጻሚ የምናሠለጥነው በማን ፈቃድ እንደሆነ ጠየቀ። አቶ ታምራት ሠልጣኞቹ የስድስት ዓመት ልጆች መሆናቸውን ሲነግሩት ጭራሽ ግራ ገባው። በማግስቱ ማስታወቂያው ወርዶ «ኦቲዝም ላለባቸው ሕፃናት የሚሰጥ ሥልጠና» ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ የጠየቀን የለም።

ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ልጁ ተራውን እንዲጠብቅ፣ የተነገረውን እንዲያስታውስ፣ ያሰበው ሳይሆን ሲቀር ሌላ መንገድ እንዲፈልግ ማለማመድ ነው። ሁላችንም ጠዋት ለባብሰን ከቤት ስንወጣ ሳናስበው የምናደርገው ነገር ነው። እኛ ጋ የሚመጡት ልጆች ግን ቀስ በቀስ፣ እየተለማመዱ ነው የሚይዙት።

በኦንላይን የሆነበትም ምክንያት አለው። ልጆቹ የባጃጁን ጩኸትና የፒያሳን ግርግር አልፈው እኛ ጋ እስኪደርሱ ድረስ ለሥልጠና የሚሆን ትዕግሥት አይተርፋቸውም። ስለዚህ ለቤተሰቡ ላፕቶፕ እናውሳለን፤ እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ በካሜራ እያየኋቸው አሠለጥናለሁ። ቱላ ያለችው እናቴ ይህን ስነግራት፣ የሰውን ልጅ በቴሌቪዥን ለሚቆጣ ሰው ደግሞ ደመወዝ ይከፈላል ወይ ብላ ሳምንቱን ሙሉ ሳቀችብኝ።

ዋናው መሣሪያችን የዓሣ ጨዋታ ነበር። ስክሪኑ ላይ ዓሣዎች አንድ በአንድ ያልፋሉ። አረንጓዴ ሲመጣ ረጅሙን ቁልፍ መጫን ነው፣ ቀይ ሲመጣ እጅን መያዝ። መጫኑን ማንም ይችለዋል፤ ትምህርቱ ያለው እጅ መያዙ ላይ ነው። ኔትወርክ ሲሄድ ዓሣው መሃል መንገድ ላይ ይገተራል፣ እኔም አፌን እንደከፈትኩ እገተራለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ልጆቹ ከእኔ የተሻለ ይታገሡ ነበር።

ከኔትወርክ የባሰው ግን ቤተሰብ ነው። በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ አንድ ለአምስት ተደራጁ ይባል ነበር። እኛ ጋ ማንም ሳያደራጃቸው፣ አንድ ልጅ በአምስት አዋቂ ተከቦ ይጠብቀኛል። አክስት ተጫን ትላለች፣ አጎት ቆይ ይላል፣ ጎረቤቷ ገና ምንም ሳያደርግ ጎበዝ ብላ ትስመዋለች። ልጁስ የማንን ይስማ?

ታቦር ሰፈር የሚኖሩት አባባ ደጀኔ ደግሞ ለብቻቸው አምስቱን ይተካሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተው እንኳ ፊሽካቸው ከአንገታቸው አልወረደም። ተራ ለሚያበላሽ ሹፌር ምሕረት አያውቁም ነበር ይባላል። የልጅ ልጃቸው ሶስና ስድስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ቢሮ ስለምትውል የምትውለው ከእሳቸው ጋር ነው። ሶስና የምትናገረው ጥቂት ቃል ብቻ ነው። ለነገሩ አባባ ቤት ቃል ምን ያደርግላታል? ሳይጠማት ውኃው ይመጣል፣ ሙዙ ተልጦ ይቀርባል፣ ጫማዋ እግሯ ላይ ገብቶ፣ ታስሮ ያልቃል። ሌላውን ሁሉ ተራ ሲያስጠብቁ የኖሩት ሰውዬ ለሶስና ሲሆን አንድ ደቂቃ መጠበቅ አይችሉም።

ሰፈራቸው ያለው ትምህርት ቤት ሶስናን አንድ ጊዜ መልሷታል። በኋላ ርዕሰ መምህርቷ ልባቸው ራርቶ አንድ ጠዋት እንድትሞከር ፈቀዱ። ያለ ረዳት ቦርሳዋን ሰቅላ፣ ተሰልፋ እጇን ታጥባ ክፍል ከገባች ይቀበሏታል፤ ካልሆነ ግን ቤት መዋሏ ነው። ሌላ የሚወስዳት ትምህርት ቤት አልነበረም። አባባ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተለወጠ።

«እኔ ስሞት ማን ጋ ትውላለች?» አሉኝ።

ከእሳቸው ጥያቄ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሚሰጡኝ ትእዛዝ ብቻ ነበር።

ሥልጠናውን ጀመርን። እኔ ባለሁበት ሰዓት ሶስና ከአረንጓዴዎቹ ግማሹን ታሳልፋለች፤ ጣቷን አንሥታ ስታስብ ዓሣው ይሄድባታል። ከእኔ ጋር ስትጨርስ ለብቻዋ የምትለማመደው ልምምድ ላይ ግን አንድም አረንጓዴ አያመልጣትም። አቶ ታምራት ውጤቱን ሲያዩ ደስታቸው ወሰን አጣ፤ ለሩብ ዓመቱ ሪፖርት ጉድ የሚያሰኝ ነገር ተገኘ አሉ። ትንሽ እንጠብቅ ብላቸው፣ አስቴር መልካም ዜና አይስማማሽም ብለው ተቆጡኝ።

አንድ ቀን ትምህርታችንን ጨርሰን ተሰነባበትን። አባባ ካሜራውን መዝጋት ረስተዋል። ሶስና ልምምዷን ቀጠለች፤ እንደ ልማዷ ጣቷን አንሥታ ማሰብ ስትጀምር ከጎን አንድ ክንድ ብቅ አለና ቁልፉን ቷ አደረገው። ክንዱን ባላውቀው እንኳ ተከትሎት የተወዛወዘውን ፊሽካ አውቀዋለሁ።

«አባባ ደጀኔ፣ ጎበዝ ተጫዋች ነዎት» አልኳቸው።

ሰማይ የተናገረ ይመስል ክው አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ይክድ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀና ብለው ካሜራውን አዩት።

«እሷ ስታስብ ዓሣው እኮ ያልፋል፣ ልጄ» አሉኝ።

ይለፍ፣ ሌላ ዓሣ ይመጣል ብዬ መለስኩላቸው። አንጀቴን በሉት፤ ሊያታልሉኝ አልነበረም። ልጅቷ ስትሸነፍ ቁጭ ብለው ማየት አቅቷቸው ነው። እኔም ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ፤ ሶስና ማሰብ አላቃታትም፣ አስባ እስክትጨርስ የሚታገሣት ሰው ነው ያጣችው። እንግዲህ መሠልጠን ያለበት ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ፕሮግራሙ ከስምንት ዓመት በላይ አልመዘግብም አለ። አባባ ደጀኔን የሰባት ዓመት ልጅ ብዬ አስገባኋቸው። አቶ ታምራት ሊጮኹብኝ ከጀሉ፤ የሠልጣኝ ቁጥራችን ከዕቅድ በላይ ሆነ ስላቸው ተዉት።

አባባ በመጀመሪያው ቀን ያልተጫኑት ቀይ ዓሣ የለም። እጃቸው ከዓይናቸው ይቀድማል። ቁልፉ ተበላሽቷል አሉ፤ ቀጥሎ ቀለሙ አይለይም አሉ፤ ቀጥሎ ደግሞ ለስንቱ ሹፌር ቁም ያልኩ ሰው በዓሣ ልፈተን ብለው ተነሡ፤ መልሰው ተቀመጡ። ሶስና አጠገባቸው ቆማ ትስቃለች። ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። እንደገና ቀይ መጣ፤ የአባባ እጅ ተነሣ። ሶስና ትንሿን እጇን ላዩ ላይ ጫነችበት።

«አባባ፣ ቆይ» አለች።

አባባ ቆዩ። ዓሣው ተንሳፍፎ አለፈ። እሷም እጇን አላነሣችም፣ እሳቸውም አልተነቃነቁም። እኔ ማዳመጫዬን አውልቄ ከካሜራው ዞር አልኩና ዓይኔን ጠረግሁ፤ ስመለስ አባባ ምነው ጠፋሽ ሲሉኝ ኔትወርክ ነው አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ የቤት ሥራ የሰጠሁት ለአባባ ነው። ሶስና ጫማዋን ስታስር ፊሽካቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ይቀመጣሉ፤ እርዳኝ ካላለቻቸው አይነሡም። የመስቀል ዋዜማ መናኸሪያ ከዚህ ይሻለኛል እያሉ ያማርሩ ነበር። አንዷን ጫማ እስክታስር መኪና ሻሸመኔ ደርሶ ይመለሳል አሉኝ። እኔም ደርሶ ይመለስ አልኳቸው።

የሙከራው ጠዋት ሥራዬን ትቼ ሄድኩ። ርዕሰ መምህርቷ እኔንና አባባን በሩ ጥግ አቆሙን። ሶስና ቦርሳዋን ሰቀለች። ቧንቧው ጋ ተሰለፈች። ሰልፉ ሊደርሳት ሁለት ልጅ ሲቀር የጫማዋ ማሰሪያ ተፈታ። ጎንበስ ብላ ማሰር ጀመረች፤ ከኋላዋ ያሉት አንድ በአንድ እያለፏት ሄዱ። ማሰሪያው አንዴ ከእጇ አመለጠ፣ እንደገና ጀመረች። ጊዜው ረዘመ። አባባን ዞሬ ሳያቸው ፊሽካውን በሁለት እጃቸው አንቀውታል፤ ግንባራቸውን አልቧቸዋል። እኔ ራሴ እግሬ ወደ እሷ ሊሄድ ነበር።

አንዲት መምህርት አዝናላት ልታስርላት ጎንበስ አለች። ይኼኔ አባባ ደጀኔ መናኸሪያውን ሲያዙበት በኖሩበት ድምፅ ተናገሩ።

«ተያት! ተራዋ ነው።»

መምህርቷ ደንግጣ ቀጥ አለች። ሶስና ቀና ሳትል አስራ ጨረሰች፤ አስተሳሰሩ አያምርም፣ ግን ይዟል። ተነሥታ ስታይ ቦታዋ ተይዟል። ልታለቅስ ነው ብዬ ፈራሁ። ሰልፉን አየችው፣ ትንሽ አሰበች፣ ሄዳ መጨረሻው ላይ ቆመች። ይህን እንድታደርግ ማንም አልነገራትም። ተራዋ ሲደርስ እጇን ታጥባ ክፍል ገባች።

ርዕሰ መምህርቷ ብዙ አላወሩም። ሰኞ በጊዜ ትምጣ ብቻ አሉ። አባባ አመሰግናለሁ ለማለት አፋቸውን ከፍተው እንባቸው ቀደማቸው፤ ሳይከላከሉት ለቀቁት።

አቶ ታምራት ሪፖርታቸው ላይ ሁለት ሕፃናት ከፍተኛ መሻሻል አሳይተዋል ብለው ጻፉ። አንደኛው ሕፃን ጡረተኛ መሆናቸውን አልጠቀሱም።

እኔም ሥራውን እስክተው ድረስ፣ አዲስ ቤተሰብ ሲመጣ ዓሣውን አስቀድሜ የማጫውተው አዋቂውን ነበር። አሁን ሥራው ላይ ላላችሁ የምለውም ይኸው ነው፤ ከልጁ በፊት አጠገቡ የሚቀመጠውን ሰው አሠልጥኑ።