ለወረታ መስጊድ የመጣው ሳር

የወረታን አዲስ መስጊድ ያየ መንገደኛ ሁሉ «ወረታ አሁን ገና ከተማ ሆነች» ይላል። ስሕተት ነው። ወረታ መስጊዷ በሳር ተከድኖ ሳለም ከተማ ነበረች፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ሳትሻል አልቀረችም። ይህን የምለው አዲሱን ንቄ አይደለም፤ ሄጄ አይቼው ነው።

ጎንደር፣ ጎሕ ሲቀድ

የካቲት ነው። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። የጭነት መኪናው የጨው ጆንያ፣ የነጋዴ ጓዝና እግሯ የታሰረ ፍየል ይዟል፤ እኔ ከሾፌሩና ከአንድ የቅቤ ነጋዴ መካከል ተጣብቄያለሁ።

«የት ይወርዳሉ?» አለኝ ሾፌሩ መላኩ።

«ወረታ። መስጊዱን ለማየት።»

ማተቤን ሰረቅ አድርጎ አየና «ጌታው፣ የፋሲል ግንብ ደጅዎ ቆሞ ድንጋይ ሊያዩ ፎገራ ይወርዳሉ?» አለ። የቅቤ ነጋዴው እስኪያስለው ሳቀ።

ሰሞኑን «ቱሪስት» የሚባል ቃል ለምደናል። ሥራ ፈት የመኪና ከፍሎ ሲዞር መጠሪያው ነው። ዛሬ እኔ እሱ ነኝ።

ከአዲስ ዘመን ወደ ሜዳው

አዲስ ዘመን ላይ እንጀራ በጓያ ሽሮ በላን። ጣራ ገዳምን ከነደኑ ወደ ኋላ ትተን ወደ ሜዳው ወረድን። ክረምት ሐይቅ የሚያክለው ፎገራ አሁን ደርቆ ጥቁር የዋልካ አፈሩ እጅ እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል። ቀንዳም ላሞች ከርብ ወንዝ ዳር ተኝተው ያመሰኳሉ። መኪናውን ቀና ብላ ያየች አንዲትም የለች።

ድልድዩን እንደተሻገርን ከሩቅ አንድ ነገር ብልጭ አለ።

«ያውልዎ መስጊዱ» አለ መላኩ። «ከወረታ ወዲያ፣ ከቁሐር ሚካኤል ሆነው ሳይቀር ያዩታል።»

ወረታ፣ ረፋዱ ላይ

የተቀበለኝ የአሠሪው ኮሚቴ ጸሐፊ፣ የጨርቅ ነጋዴው ጀማል ነው። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ለማፌዝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልሆነልኝም። የሲሚንቶው ወለል ይቀዘቅዛል። በመስኮቶቹ ቢጫና አረንጓዴ መስተዋት የገባው ብርሃን ምንጣፉ ላይ እንደ ፈሰሰ ውሃ ተኝቷል። ከላይ ቆርቆሮው ሙቀት ሲነካው ጠቅ፣ ጠቅ ይላል።

«ባለ ሳሩን ቢያዩት ኖሮ!» አለ ጀማል። «ክረምት ያፈሳል፤ በጋ አይጥ ይፈነጭበታል። ስንሰግድ ገለባው አንገታችን ውስጥ ይገባ ነበር።»

ለሚጸልይ ሰው የሚያፈስ ጣራ የሚመኝ ማን ነው?

ቀጥሎ ከመስጊዱ ጀርባ ወዳለው ወደ ሼህ ይማም ቤት ወሰደኝ። ሽማግሌው ሸማኔ ናቸው፤ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከትተው ይሠራሉ። እንጨቱ ላይ የተወጠረው ነጭ፣ ጠርዙ ቀይና አረንጓዴ የሆነ ሰፊ ጨርቅ ነው።

«ይህ የማን ነው?»

«የቁሐር ሚካኤል። የመቅደስ መጋረጃ» አሉ፣ የጎረቤት ጋቢ እንደሚሠራ ሰው።

ነገሩ ከአባቶቻቸው የመጣ ነው። የቁሐር ገበሬዎች በየበጋው ሰንበሌጥ አጭደው ለመስጊዱ ክዳን ያመጣሉ፤ የመስጊዱ ሸማኔዎች ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ መጋረጃ ሲያረጅ አዲስ ይሠራሉ። «በሥጋ አንገናኝም» አሉ ሼሁ እየሳቁ፤ «በሳርና በፈትል ግን ዘመዳሞች ነን።»

«ጣራው ቆርቆሮ ከሆነ ታዲያ ሳሩስ?»

መወርወሪያውን አቆሙ። «እሱን ለታከለ ገና አልነገርኩትም። ሳሩን አሳጭዶ የሚያመጣው እሱ ነው፤ የልጅነት ወዳጄ። በየገበያው አገኘዋለሁ። ግን ምን ብዬ? እጅህ ከእንግዲህ አያስፈልገንም ይባላል?»

ቀትር ላይ

ይህን እያወራን ከደጅ ድምፅ መጣ። «ይማም! አለህ?»

ወጣን። አንድ ረጅም ሽማግሌ ሰንበሌጥ የተጫኑ አህዮች አስከትሎ ከመስጊዱ በር ቆሟል። ጀማል ደነገጠ።

«አያ ታከለ! ጣራውን አያዩትም እንዴ?»

«አያለሁ እንጂ። ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ ዓይኔን ሲወጋኝ ነው የከረመ።»

«ታዲያ ሳሩን ለምን አመጡ?»

«አታምጣ ያለኝ አለ?»

ሼሁ ቀርበው የወዳጃቸውን ትከሻ ሳሙ። «አውርደው፣ ታከለ። መታጠቢያውን እንከድንበታለን።»

«ለመታጠቢያውም ቆርቆሮ ታዟል፣ ሼህ» አለ ጀማል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሳር እሳት ይጠራል። ደግሞም እንግዳ እየመጣ ያያል።» ይህን ሲል ወደ እኔ አየ።

«ለእኔ ብላችሁ ከሆነ ይራገፍ!» አልኩ። የሰማኝ የለም።

ታከለ የላላውን ገመድ መልሶ አጠበቀ። «ለአህዮቹ ጉዝጓዝ ይሆናል» አለ። ከዚያ ወደ ሼሁ ዞረ። «ሼህ ይማም፣ መጋረጃውን እንግዲህ አይድከሙበት። ቄሰ ገበዙ ከጎንደር የተሰፋ ይገኛል እያሉ ነው።»

«ታከለ፣ ተጋምሷል እኮ!»

«ሳሩም ታጭዶ ነበር» አለና አህዮቹን መለሰ።

ወደ ጎንደር

ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርጄ ልታጠብ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። መኪና ከመሳፈሬ በፊት ሼሁን ልሰናበት ገባሁ። መወርወሪያው ጉልበታቸው ላይ ነው።

«ጨርሰው ይስጧቸው» አልኩ።

«ያለ ሳሩ? ምጽዋት ይመስላቸዋል።»

የመኪናው መስኮት ወደ ኋላ ያሳያል፤ ቆርቆሮው ወርቅ መስሏል። ያምራል፤ አልክድም። ጥፋተኛ ፈልጌ አላገኘሁም። ጣራው ማፍሰሱን ተወ፤ ጀማል ትክክል ነው። ሼሁ ወዳጃቸውን ላለማስከፋት ዝም አሉ። ታከለ ሳይነገረው መቅረቱን እንደ ክህደት ቆጥሮ ጣራውን እያየ ሳሩን ይዞ መጣ። ሁሉም ይሉኝታ ነበራቸው፤ በይሉኝታ ተለያዩ። ቁሐር ሚካኤል ከገበያ የመጣ መጋረጃ ይሰቀላል፤ ግማሹ መጋረጃ ወረታ ላይ አቧራ ይለብሳል።

አንባቢዬ፣ ቤትህን ቆርቆሮ ልታለብስ ከሆነ አልብስ። ምስማሩን ከመምታትህ በፊት ግን ሳር ያመጣልህ የነበረው ሰው ዘንድ ሂድና በገዛ አፍህ ንገረው። ከእንግዲህ ምን ይዞልህ እንደሚመጣም ሳትጠይቀው እንዳትመለስ።