ዮናስ በማን ስም ይፈለግ?

«የቤተሰብ ስሙ ማን ነው ትላለች» አልኳቸው፣ የስልኩን እጀታ በመዳፌ ሸፍኜ።

«ሽፈራው ነዋ። የማን ልጅ መስሏት ነው?» አሉ አቶ ሽፈራው።

አዋሳ ቴሌ፣ ጠባቧ የስልክ ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነን ቆመናል። ጎረቤቶቼ አቶ ሽፈራውና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ይዘውኝ የመጡት እንግሊዝኛ ስለምሞክር ነው። ልጃቸው ዮናስ ካናዳ ከገባ ጀምሮ ደውሎ አያውቅም። ሲለያዩ አባቱ «ልጄ አይደለህም» ብለውት ነበር። አሁን ሊታረቁት ፈልገው፣ ቁጥሩን ከካናዳ የስልክ መረጃ እየጠየቅን ነው።

«ዮናስ ሽፈራው የሚባል የለም» አለች ሴትዮዋ።

«እዚያ በአያት ነው አሉ የሚመዘግቡት። በቀለ በላት» አሉ አቶ ሽፈራው።

በቀለም የለም።

እትዬ አስካለ የነጠላቸውን ጫፍ እያፍተለተሉ፣ ቀስ ብለው «እስቲ በእኔ ስም ሞክር» አሉ።

«ደግሞ በእናቱ የሚጠራ ወንድ የት ታየ?» ብለው አቶ ሽፈራው ሳቁ።

አስካለ የሚለውን ፊደል በፊደል ነገርኳት።

«አንድ ዮናስ አስካለ አለ» አለችኝ። «ቁጥሩን ልንገርህ?»

ያለችውን ተረጎምኩላቸው። አቶ ሽፈራው ባርኔጣቸውን አጠለቁ።

«ቁጥሩን ለእናቱ ስጥ» አሉና ወጡ። የመስታወቱ በር ከኋላቸው ተዘጋ።